ደሙ «ካንሰር» አለ፣ ናሙናው «የለም» አለ፤ ማንን እንመን?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። አራት ወር ሙሉ ጨጓራቸውን ሲያቃጥላቸው ቆየ። ከስተዋል፣ ደማቸውም አንሷል። ስታዲየም አካባቢ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በቱቦ ማየት) ተደረገላቸውና የጨጓራ ቁስለት ተገኘ፣ ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ ስላቃተን የአክስቴ ልጅ ‹የካንሰር ጠቅላላ ምርመራ› የሚባል የደም ምርመራ አስደረገቻቸው። ሲ ኢ ኤ የሚባለው ጠቋሚ 7.2፣ ሲ ኤ 19-9 የሚባለው ደግሞ 52 ሆነ። ሁለቱም ከፍተኛ ተብለው በቀይ ተጽፈዋል። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ከአምስት ቀን በኋላ የባዮፕሲው፣ የናሙናው ማለት ነው፣ ውጤት መጣ፤ ‹ሥር የሰደደ የጨጓራ ብግነት፣ ኤች ፓይሎሪ አለ፣ በዚህ ናሙና ውስጥ ካንሰር አልታየም› ይላል። አሁን ግማሹ ቤተሰብ ተደስቷል፣ ግማሹ ህንድ እንውሰዳቸው ይላል። አጎቴ ደግሞ ‹ብረት ከነካው ይባባሳል፣ ሁለተኛ እንዳታስነኩት› ብለው ተቆጥተዋል። አባቴ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ስኳርም አለባቸው። የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን። ማንን እንመን?» ከፒያሳ

እህቴ፣ ሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። አጉልቼ አነበብኳቸው። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው፤ ከሰው አካል የተወሰደ ናሙና ማንበብ። ከጥቁር አንበሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የምውለው። አባትሽን በአካል አላየኋቸውም፤ የሚያክሟቸውን ሐኪም ልተካም አልችልም። ወረቀቶቹ የሚሉትንና የማይሉትን ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የደሙ ወረቀት «ካንሰር አለ» አላለም። የባዮፕሲው ወረቀትም «ካንሰር የለም» አላለም። ሁለቱም የተናገሩት ቤተሰባችሁ ከሰማው ያነሰ ነው። አባትሽ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ኢንዶስኮፒና ከመጀመሪያው የበዛ ናሙና ነው። እስከዚያ የኤች ፓይሎሪውን፣ ጨጓራቸው ላይ የተገኘውን ባክቴሪያ፣ መድኃኒት ሳያቋርጡ ይውሰዱ።

ከደሙ ልጀምር፤ ቤቱን ያስለቀሰው እሱ ስለሆነ።

ሲ ኢ ኤ በ1965 ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን ሞንትሪያል ውስጥ ያገኙት ፕሮቲን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያገኙት በትልቁ አንጀት ካንሰርና ገና ባልተወለደ ፅንስ አንጀት ውስጥ ነበር። ያኔ አንድ ጠብታ ደም ካንሰርን ሊያጋልጥ ነው ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። እንደታሰበው አልሆነም። ጤነኛ አንጀትም ጥቂት ያመርተዋል። ጉበት ሲታመም፣ ቆሽት ሲቆጣ፣ አንጀት ሲቆስል ከፍ ይላል። ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ደም ውስጥ ደግሞ ምንም ካንሰር ሳይኖር ከፍ ብሎ ይገኛል። ብዙ ላብራቶሪዎች ለማያጨስ 3፣ ለሚያጨስ 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር የሚል ወሰን የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። የአባትሽ 7.2 ነው። ለዓመታት ላጨሰ፣ ጨጓራው ለቆሰለ ሰው 7.2 «እሰይ» የሚባል ቁጥር አይደለም። «ወየው» የሚያሰኝም አይደለም።

ሲ ኤ 19-9ን ሰው ብዙ ጊዜ ከቆሽት ካንሰር ጋር ያያይዘዋል። የተለመደው ወሰን 37 ነው። ይህም ቁጥር የሚዋሽበት ብዙ መንገድ አለ። የሐሞት መውረጃ በጠጠር ሲዘጋ መቶዎች ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴ ሺህ ያልፋል። ጠጠሩ ሲወጣ ይወርዳል። በደንብ ያልተያዘ ስኳርም ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ አባትሽ ደግሞ ስኳር አለባቸው። በተቃራኒው፣ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር ጨርሶ የማያመርቱ ሰዎች አሉ። የደም ዓይነት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቆሽቱን ካንሰር ቢወርረው እንኳ ወረቀቱ ላይ ምንም አይታይም።

እስቲ በሰፈራችን ነገር ላስረዳሽ። ከጎረቤት መስኮት ጭስ ሲወጣ ታያለሽ። ቤቱ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ቡና እየተቆላም ሊሆን ይችላል። ጭስ ባየ ቁጥር እሳት አደጋ የሚጠራ ሰው አንድ ቀን ልክ ይሆናል። በሌሎቹ ቀናት ግን ውሃ የሚረጨው ቡናው ላይ ነው።

«የካንሰር ጠቅላላ ምርመራ» የሚለው ስያሜ ራሱ ያናድደኛል፤ ልደብቅሽ አልችልም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ምንም የማያማቸው 1000 ሰዎች ደም ሰጡ እንበል። ከነሱ 5ቱ ሳያውቁት ካንሰር አለባቸው። ምርመራው ከአምስቱ አራቱን ያዘ እንበል፤ ይሄ ለጋስ ግምት ነው። ከቀሩት 995 ጤነኞች ደግሞ ከመቶ አምስቱን በስህተት ጠቆመ። 50 ሰው ገደማ ማለት ነው። በቀይ የተጻፈ ወረቀት ይዘው የሚወጡት 54 ሰዎች ሆኑ፤ ካንሰር ያለባቸው ግን 4ቱ ብቻ። ሃምሳው ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ዕቁቡን ይበትናል። አምስተኛው ታማሚ ደግሞ «ነጻ ነህ» ተብሎ ኬክ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ሰው ነው።

አባትሽ ምንም የማያማቸው ሰው አይደሉም፤ ያ ልክ ነው። ግን የእሳቸው ጥርጣሬ የመጣው ከደሙ ቁጥር አይደለም። ከክሳቱ፣ ከደም ማነሱና ከዕድሜያቸው ነው። ሲ ኢ ኤው 1 ቢሆን ኖሮም «ድጋሚ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል» እልሽ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር እንምጣ። ብዙ ሰው ባዮፕሲ ሲባል ናሙናውን ማሽን ውስጥ ከትተው ቁጥር የሚጠብቁ ይመስለዋል። የኛ ሥራ ግን ከላብራቶሪ ይልቅ ለማድ ቤት ይቀርባል።

ኢንዶስኮፒውን የሚሠራው ሐኪም በቱቦው ጫፍ ባለች ትንሽ መቆንጠጫ ከጨጓራው ሽፋን ቆረጥ ያደርጋል። የምትወጣው ቁራጭ የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ትገባለች። ፎርማሊኑ እንዳለች ያደርቃታል፣ መበስበስን ያቆማል። ፈሳሹ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ለሰሊጥ ፍሬ ይሄ ቀላል ነው። ችግሩ በቀዶ ጥገና የወጣ ትልቅ ነገር ሲመጣ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የተላከ ማሕፀን ደርሶኝ ያውቃል። ትኩሱን ጨምቀው በጠባቧ አፍ አስገብተውታል። ፎርማሊን ሲያገኘው ደረቀ፤ በገባበት አልወጣም አለ። ጠርሙሱን በመቀስ ቀደን አወጣነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ በፌስታል፣ ያለምንም ፈሳሽ፣ በሚኒባስ ታክሲ ከሰዓት በኋላ የደረሰ አለ። የበሰበሰ ሥጋ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ያው የበሰበሰ ሥጋ ነው። አስታማሚ እንዲያደርስ ናሙና ሲሰጠው «ፎርማሊን ውስጥ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ላብራቶሪ ከደረሰ በኋላ ናሙናው ሌሊቱን በአልኮልና በዛይሊን ያልፋል። ውሃው ይወጣና በምትኩ ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ ሰም ይገባበታል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ብሎክ ይሆናል። ብሎኩን የላብራቶሪ ባለሙያዋ በልዩ መቁረጫ እስከ 4 ማይክሮን ታሳሳዋለች። አንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ለመሙላት ከ15 በላይ እንዲህ ያለ ቅጠል መደራረብ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ለብ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፍና በስላይድ፣ በትንሽ መስታወት፣ ይቀዳል። ከዚያ ቀለም ይነከራል። ሰማያዊ ሐምራዊው ቀለም መካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ የሚገኝ ነው፤ የሴሉን አስኳል ያቀልማል። ሌላው ሮዝ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመናዊ መሣሪያ መሃል ዛሬም አብዛኛው ካንሰር የሚታወቀው በእነዚህ ሁለት ቀለሞችና በሰው ዓይን ነው።

ዓይኑ ምን ያያል? ጤነኛ የጨጓራ እጢዎች ሰልፍ ይወዳሉ። አስኳሎቻቸው ትንንሽ፣ ተመሳሳይ፣ ከሥር የተደረደሩ ናቸው። ካንሰር ሲሆን ሰልፉ ይፈርሳል። አስኳሉ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። እጢዎቹ እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ ሥር ወዳለው ጡንቻ ሰርገው ይገባሉ። ይሄ የመጨረሻው፣ የሰው ግዛት መግባታቸው፣ ትልቁ ማስረጃ ነው። የተቆጣ ጨጓራም አንዳንዴ ሴሎቹን ያሳብጥና ካንሰር ያስመስላል። ያኔ ብሎኩን ጠልቀን እንቆርጣለን፣ ሌላ ቀለም እንቀባለን፣ ጎረቤት ቢሮ ያለውን ባልደረባ «ና እስቲ እይልኝ» እንላለን። ውጤት ሲዘገይ ቤተሰብ «ክፉ ነገር ስላለ ደበቁን» ይላል። ብዙ ጊዜ ስላይዱ ባልደረባ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ወደ አባትሽ ሪፖርት እንመለስ። ሪፖርት ሲመጣ ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚወረውረው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። አንቺ ከላይ ጀምሪ። ናሙናው በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል የተጻፈበት አጭር አንቀጽ አለ። የአባትሽ ላይ «ሁለት ቁራጭ፣ ትልቁ 2 ሚሊ ሜትር» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «አንደኛው ቁራጭ ከቁስለቱ የወጣ የሞተ ሥጋና መግል ብቻ ነው» ይላል። ይህን መስመር ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም የቁስለት መሃሉ የሞተ ሥጋ ነው። ካንሰር ካለ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በጠርዙ ላይ ነው። ሊነበብ የሚችል የደረሰን አንድ ሰሊጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ለሚያጠራጥር የጨጓራ ቁስለት የሚመከረው ደግሞ ከጠርዙ ዙሪያና ከመሃሉ ቢያንስ ስድስት ቁራጭ ነው። ናሙና የወሰደውን ሐኪም ለመውቀስ አይደለም። ታማሚ ሲያስመልሰው፣ ቁስለቱ ሲደማ፣ ሁለት ወስዶ መውጣት ያጋጥማል።

እህል በረንዳ ጤፍ ሲገዛ አይተሽ ይሆናል። ነጋዴው ጆንያውን በብረት ወጋ አድርጎ ጥቂት ፍሬ መዳፉ ላይ ያፈሳል። ጨዋ ገዢ አንድ ቦታ ወግቶ አያምንም። ጆንያው አፍ ላይ ማኛ፣ ከሥሩ ሠርገኛ ሊሆን ይችላል። እኔ የምፈርደው መዳፌ ላይ በፈሰሰው ፍሬ ነው። ስለ ጆንያው ሁሉ የምናገር ከመሰለሽ ተሳስተናል።

በዚህ ስህተት ንጉሠ ነገሥት ሞቷል። በ1887 የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሪድሪሽ ድምፁ ጎረነነ። የጀርመን ሐኪሞች የማንቁርት ካንሰር ጠርጥረው ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ተዘጋጁ። ሞሬል ማኬንዚ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ተጠራና ቅድሚያ ናሙና ወሰደ። ናሙናውን ያየው ሩዶልፍ ፊርኾ ነበር፤ የሙያችን አባት የሚባለው ሰው። ፊርኾ በደረሰው ቁራጭ ውስጥ ካንሰር አላየም። ቀዶ ጥገናው ቀረ። ፍሪድሪሽ በ1888 ዙፋን ላይ ወጣ፣ 99 ቀን ነግሦ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ካንሰር ነበር። ፊርኾ ስላይዱን በማንበብ አልሳተም ይሆናል። የተሳሳቱት «በዚህ ቁራጭ የለም» የሚለውን «የለም» ብለው የሰሙት ናቸው። የአባትሽ ሪፖርት ላይ «በዚህ ናሙና ውስጥ» የሚሉት ሦስት ቃላት ለማሳመሪያ የገቡ አይደሉም። ባልደረባዬ ያንን ሲጽፍ «ድገሙት» እያለ ነው።

አንድ የጨጓራ ካንሰር ዓይነት ደግሞ ጭራሽ ይደበቃል። ሴሎቹ ፍሬ ያለው ቀለበት ስለሚመስሉ የማኅተም ቀለበት ሴል እንላቸዋለን። አንዳንዴ ላይኛውን ሽፋን ሳይነኩ ከሥሩ ይሰራጫሉ። ጨጓራው እንደ ቆዳ ቦርሳ ይደርቃል፤ ከላይ የተቆረጠው ናሙና ግን ንጹሕ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ በዓይኑ ያየው ነገር እኔ ከማየው እኩል ክብደት ያለው። የኢንዶስኮፒውን ሪፖርትም ላኪልኝ። የቁስለቱ ጠርዝ «ያበጠ፣ ጠንካራ፣ ያልተስተካከለ» ከተባለ ድጋሚው ሳምንታት አይጠብቅም፤ በቶሎ ይሠራ። ለስላሳና ንጹሕ ከተባለ ግን መድኃኒቱን ወስደው ከስምንት ሳምንት ገደማ በኋላ ይታያል። የዳነ ቁስለትም ቢሆን ጠባሳው ናሙና ይወሰድበታል።

ባዮፕሲው ያገኘውን ነገርም አትናቁት። ኤች ፓይሎሪን ጨጓራ ላይ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይሄ ነገር በሽታ ያመጣል» ብሎ የተነሳው የኔው ሙያ ሰው ነው፤ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ የነበረው ሮቢን ዋረን፣ በ1979። አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ተብሎ ብዙ ሰው አላመነውም። ጓደኛው ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ኤች ፓይሎሪን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። አትደንግጪ፤ ባክቴሪያው ያለበት አብዛኛው ሰው ካንሰር አይዘውም። ቁስለት ያለበት ሰው ግን መታከም አለበት።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ መጥፋቱ ይረጋገጥ። እዚህ ከተማ በየቀኑ የማየው ስህተት አለ። ሰው ሕክምናውን ጨርሶ በደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ «አሁንም አለብህ» ይባላል፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ይውጣል። የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል። ትክክለኛው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት ይጠበቅ። ኦሜፕራዞሉን ግን ሐኪማቸው ሳያውቅ አያቁሙ፤ ቁስለቱን የሚያድነው እሱ ነው።

አጎትሽ ላይ አልፈርድም። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ነገር ከባዶ አልመጣም። ሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ይመጣል፣ ሆዱ ተከፍቶ ምንም ማድረግ ሳይቻል ይዘጋል፣ ከወር በኋላ ያርፋል። ለቅሶ ላይ የሚወቀሰው ቢላው ነው። መርፌ በጥንቃቄ የምንጠቀምባቸው ጥቂት ዕጢዎችም በእርግጥ አሉ። የወንድ ፍሬ ዕጢ በመርፌ አይወጋም። አንዳንድ የጉበት ካንሰርም ያለ ናሙና፣ በሲቲ ስካን ብቻ ይለያል። ከጨጓራ ሽፋን በኢንዶስኮፒ ሰሊጥ የምታክል መቁረጥ ግን ካንሰርን አያሰራጭም። ለአጎትሽ እንዲህ በያቸው፦ ባዮፕሲ ሳይሠራ የጨጓራ ካንሰር መድኃኒት የሚጀምር ሐኪም የለም።

ደም ላይ ያሉት ጠቋሚዎች ታዲያ ምን ይሠራሉ? ቦታቸው ላይ ሲውሉ ወርቅ ናቸው። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ መሠረት ወንዶች ላይ ቀዳሚው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። እንዲህ ያለ ታማሚ ከቀዶ ጥገና በፊት ሲ ኢ ኤው ይለካል። ዕጢው ሲወጣ ቁጥሩ ይወርዳል። ከዚያ በየሦስትና በየስድስት ወሩ ይታያል። 40 የነበረው 2 ሆኖ ዓመት ቆይቶ፣ ወደ 6፣ ወደ 11 ሲወጣ፣ ሰውየው ምንም ሳያመው ጉበቱ ይፈተሻል። እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ብቻውን አይናገርም፤ አካሄዱ ነው የሚናገረው። ኤ ኤፍ ፒ የሚባለው ሌላው የደም ጠቋሚ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ይዞት ጉበቱ ላይ እብጠት ለታየበት ሰው ትርጉም አለው። ያው ኤ ኤፍ ፒ ነፍሰ ጡር ላይ ግን በተፈጥሮ ከፍ ይላል፤ ካንሰር አለ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ሲ ኤ 125 ነው። ይሄ የሴት ዕንቁላል ማምረቻ ካንሰርን ለመከታተል የሚለካ ነው። አንዲት ወጣት ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ ከስታ፣ ቁጥሩ ብዙ መቶ ሆኖ መጣች። ዘመድ ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ከሆድ ዕቃዋ ሽፋን የተወሰደው ናሙና ሲደርሰኝ ያየሁት የተከማቹ የመከላከያ ሴሎችን፣ መሃላቸው እንደ አይብ የሞተ ሥጋን ነበር። ቲቢ። ስድስት ወር ኪኒን ዋጠች፣ ዳነች። የሆድ ቲቢ ሲ ኤ 125ን ልክ እንደ ካንሰር ሽቅብ ይወስደዋል፤ እኛ አገር ቲቢ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸው ነበር። ካንሰርም ነቀርሳ፣ ቲቢም የሳንባ ነቀርሳ። አያቶቻችን ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም ሰውን ውስጥ ውስጡን ይጨርሳሉ። መለየት የተቻለው ሥጋው ስላይድ ላይ ሲወጣ ነው።

አንጀት ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ለወራት የሚያስቀምጠው ወጣት ሲመጣ ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። ነጭ የደም ሴሎች አንጀት ውስጥ ሲዘምቱ የሚለቁት ፕሮቲን ነው። ዝቅተኛ ከሆነ አንጀቱ አልቆሰለም፤ በጭንቀትና በምግብ የሚነሳ የአንጀት መረበሽ ሊሆን ይችላል፣ ኮሎኖስኮፒም (ትልቁን አንጀት በቱቦ ማየት) ላያስፈልግ ይችላል። ከፍ ካለ ግን ምንነቱን አይነግርሽም። አሜባም፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያም፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ማዘውተርም ከፍ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ የአንጀት ቲቢ ነው ወይስ ክሮንስ የሚባለው፣ አንጀትን የሚያቆስል ሥር የሰደደ በሽታ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ናሙናው እጄ ላይ ሆኖም ሁልጊዜ አይለየኝም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ተጨምሮ፣ የሳንባ ራጅ ታይቶ፣ ከሐኪሙ ጋር ስልክ ተደዋውለን ነው የምንወስነው። መለየቱ የግድ ነው፤ የክሮንስ መድኃኒት መከላከያን ስለሚያዳክም ቲቢን ይለቀዋል።

ሌላ ዓይነት ባዮማርከርም (የበሽታ ጠቋሚም) አለ፤ ከደም ሳይሆን ከዚያው ከሰም ብሎክ ላይ የሚሠራ። ፀረ እንግዳ አካል ስላይዱ ላይ ይፈስሳል፤ የሚፈልገውን ፕሮቲን ካገኘ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ይህ «ካንሰር አለ ወይ» ለሚለው ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ «የትኛው መድኃኒት ይይዘዋል» ለሚለውም ነው። የአባትሽ ሁለተኛ ናሙና ካንሰር ሆኖ ቢገኝ፣ አያድርገውና፣ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው ኸር ቱ ነው። ይህ ፕሮቲን የበዛበት የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር ከ2010 ወዲህ ትራስቱዙማብ በሚባል መድኃኒት ይታገዛል። ሁለተኛው የዲ ኤን ኤ ስህተት የሚጠግኑ አራት ፕሮቲኖች መኖር አለመኖር ነው። ከጠፉ የበሽታ መከላከያን የሚያነቃቁ አዲሶቹ መድኃኒቶች የመሥራት ዕድላቸው ከፍ ይላል። በዘር የሚተላለፍ ከሆነም ለአንቺና ለወንድሞችሽ የሚጠቅም መረጃ ይሆናል። ጨጓራ ላይ ካንሰር የሚመስል፣ ኪት የሚባለው ፕሮቲን ያለበት ዕጢም አለ፤ እሱ በኢማቲኒብ ኪኒን ብዙ ዓመት ይያዛል። ምርመራዎቹ ውድ ናቸው። ኬሚካሉ የሚያልቅበት ጊዜም አለ። እዚህ ካልተሠራ ብሎኩ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይላካል።

ስለ ህንዱ፣ አሁን ቲኬት አትቁረጡ። የሚቀጥለው እርምጃ ድጋሚ ናሙና ነው፤ እሱ እዚሁ ይሠራል። ኋላ መሄድ ቢያስፈልግ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ብሎኩንና ስላይዱን ከላብራቶሪው ጠይቁ። ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ። ብሎክ በትክክል ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። በተቻለ መጠን ሻንጣ ውስጥ እንጂ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሰም ነው።

የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ሲሞላም አጠገቡ ቁሚ። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ «ጨጓራ፣ ባዮፕሲ» የሚል ነው፤ ዕድሜ እንኳ «አዋቂ» ተብሎ። ሐኪሙ ክሳቱን፣ ደም ማነሱን፣ ሲጋራውን፣ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ መሆኑን፣ የመጀመሪያውን ባዮፕሲ ቁጥር እንዲጽፍ በትሕትና ለምኝው። የመጀመሪያው ስላይድ አብሮ ከመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ መፍረድ ይቻላል።

ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ ብለሻል። አባትሽስ ምን ያውቃሉ? ደብዳቤሽ ውስጥ የእሳቸው ድምፅ የለም። ልጅ ሲያለቅስ አይቶ የማይገባው አባት የለም። ገና ያልታወቀ ነገር ስለሆነ የሚነገራቸው መርዶ የለም። «ቁስለት አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ ናሙናው ትንሽ ስለነበር ይደገማል» በሏቸው። ያለው እውነት ይኸው ነው። የደሙን ምርመራ እስከዚያ አትድገሙት። በሚቀጥለው ሳምንት 8 ቢሆን ታለቅሳላችሁ፣ 6 ቢሆን ትጨፍራላችሁ፤ ቁስለቱ ግን እዚያው አለ።

ሁለተኛው ባዮፕሲ ሲወጣ ሙሉውን ገጽ ፎቶ አንሺልኝ፤ የመጨረሻውን መስመር ብቻ እንዳይሆን። እኔ መጀመሪያ የማየው ስንት ቁራጭ እንደነበረ ነው።